በስኳር ጣሳ ውስጥ አፈር

የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ሌባ ነበረች። የምትሰርቀው ስኳር ነበር፤ ያውም ከገዛ ቤቷ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ዛሬ ይህን ሳነሣባት «ወሬኛ! በዚህ ምድር ላይ ሌባ ያለችኝ አንቺ ብቻ ነሽ» ትለኛለች። እኔ ግን ያኔ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ቤት ውስጥ አራት ነበርን። አባቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ፣ ብቅ ብሎ ሸሚዙ ታጥቦለት የሚሄድ እንግዳ ብጤ ነበር። ስለዚህ ሦስት ነበርን ማለት ይቀላል፦ እናቴ፣ እኔና የአባቴ አባት። እሱን ሁላችንም አባባ ነው የምንለው። እናቴ ምራቱ ስለሆነች «እርስዎ» ትለዋለች። «አንተ» የምለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በዚህም የተነሣ ከእናቴ በማዕረግ የምበልጥ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ የምትሠራው ጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ተራ ትጠራለች፣ ዕቃ ትቀቅላለች፣ የሚያለቅስ ልጅ እጅ ትይዛለች። ወደ ቤት ስትመጣ ሹራቧ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። አባባ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ኬክ ጋጋሪ ነበር፤ ሰው ልደቱንና ሠርጉን ይዞ የሚመጣበት የአንድ ትልቅ ኬክ ቤት ጓዳ በሱ እጅ ነበር የሚመራው። ጡረታ ሲወጣ ወንፊቱን፣ የሊጥ ማንኪያውንና አንድ ትልቅ ቀይ የስኳር ጣሳ ይዞ መጣ። ጣሳው ክዳኑ ላይ ቀለሟ የለቀቀ ዳክዬ ነበረችበት።

በጡረታው ማግስት ነው እንበል፣ ክፉ ጉንፋን ያዘውና አልጋ ላይ ጣለው። ሲሻለው ተነሣ፤ የተነሣው ግን ከአልጋ ወደ ወንበር ነው። መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ይውላል። ብጠይቀው አይመልስም፣ ብቀልድ አይስቅም። እናቴ ለአባቴ በስልክ «አባባ እየጠፉብኝ ነው» ስትል ሰማኋት። የት ነው የሚጠፋው ብዬ ሮጬ ሄጄ አየሁ። እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር።

ከዚያ ወንበር ያስነሣው እኔ የምማርበት መዋዕለ ሕፃናት ነው። ከቤታችን ጋር አጥር ለአጥር ነበር። የዕረፍት ሰዓት ብስኩት የሚያመጣላቸው ዳቦ ቤት ሲዘጋ እናቴ አባባ እንዲጋግርላቸው ዳይሬክተሯን አነጋገረቻት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ስነቃ አባባ ሽርጡን አጥልቆ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ኩሽና ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ያፏጭ ነበር። ሲያፏጭ ሰምቼው ስለማላውቅ የውጭ ሰው ገብቷል ብዬ ነው ከአልጋዬ የዘለልኩት።

አባባ አንድ ልማድ ነበረው። የመጀመሪያው ትሪ ከኦቨን ሲወጣ ራሱ አይቀምስም። «ነይ እስቲ፣ ምላስሽን አውሺኝ» ይለኛል። ብድግ አድርጎ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠኝና ትኩሱን ብስኩት ቆርሶ አፌ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ምርመራው ይጀምራል።

«የት ጋ ነው የጣፈጠሽ?»

«አፌ ውስጥ።»

«አፍሽማ ሰፊ አገር ነው። ጫፉ ላይ ነው ወይስ ወደ ጉሮሮሽ?»

«ጫፉ ላይ። ከዚያ ደግሞ ጥርሴ ላይ።»

«ስኳር ይጨመር?»

«ይጨመር!»

የቱ ልጅ ነው አይጨመር የሚል? አባባም ይጨምር ነበር። በማግስቱ እንደገና ይጠይቀኛል፣ እኔም እንደገና ይጨመር እላለሁ፣ እሱም እንደገና ይጨምራል። ብስኩቱ ሲነከስ ኮረት ኮረት እስኪል ድረስ በዚህ ስምምነት ቆየን። የመጀመሪያውን ለኔ የሚሰጠኝ ከሰው ሁሉ አስበልጦ ስለሚወደኝ ነው ብዬ፣ በክፍሌ ልጆች ላይ ጉራዬን ነፋሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት እናቴ እንቅልፏ ሳይለቃት ሻይ አፈላች። ለአባባ ቀድታ ሰጠችው፤ ለራሷም ቀድታ አንድ ጊዜ ፉት እንዳለች ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተፋችው። የስኳሩና የጨው ዕቃ ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት። «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ወደ አባባ ዞረች። አባባ ግን አጋምሶታል። አፉን በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አድርጎ «እጅሽ ይባረክ፣ ዛሬማ ሻይሽ ልክ ነው» አላት።

እናቴ የኔን ኩባያ ከእጄ ቀማችኝና ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምትስቅ መስሎኝ እኔም አብሬያት ተንከተከትኩ። አባባ ይሉኝታው በዝቶ ጨው ጠጣላት፤ ይህ ካላሳቀ ምን ያስቃል?

ስታለቅስ ነበር። ያ ጉንፋን ሲሄድ የአባባን ምላስ ይዞ ሄዷል፤ ጣፋጩም መራራውም ለሱ አንድ ሆኗል። ዕድሜውን ሙሉ በምላሱ ተከብሮ የኖረ ሰው ይህን ለማን ይናገራል? ለማንም አልተናገረም። እናቴ ያን ጠዋት በጨው ሻይ አወቀችበት፤ አውቃም ዝም አለች። እኔ ምላሴን የማውሰው ለፍቅር ብቻ ሳይሆን ለሥራም እንደነበር የገባኝ፣ አድጌ የራሴን ሻይ ማፍላት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ዳይሬክተሯ መጣች። ቁልፎቿ ከሷ ቀድመው የሚደርሱ ሴት ነበረች፤ ሽንግ ሽንግ ሲል ከሰማን ክፍሉ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ያን ቀን ቁልፎቹ ሽንግ ያሉት እኛ በር ላይ ነው። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ የሚደርሰኝን ያህል ሰማሁ።

«... ከብስኩቱ በኋላ ግድግዳ ላይ ነው የሚወጡት፣ ማስተማር አልቻልንም። ወላጆችም እያጉረመረሙ ነው። አንቺ ራስሽ ጥርስ ሐኪም ቤት እየሠራሽ...»

«ገብቶኛል። ግን እሳቸውን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?»

«እኔም አልደፍርም፣ አንቺም አትደፍሪም፣ ልጆቹ ግን ጥርሳቸው ያልቃል። እስከ ወላጆች ቀን እጠብቃለሁ። ያን ቀን ቀምሼ ካልተስተካከለ እናቆማለን።»

«እናቆማለን» የምትለውን ስሰማ ልቤ በደስታ ዘለለ። ትምህርት ቤቱ የሚቆም መስሎኝ በማግስቱ ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አበሰርኩ። አንዱ ቦርሳውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶት መጣ። ሊቆም የነበረው ግን አባባ ነው። ብስኩቱ ከቆመ ያ ወንበር መስኮቱ ሥር እየጠበቀው ነበር፤ እናቴ ደግሞ ሁለተኛ ከተቀመጠበት እንደማይነሣ በሆዷ ታውቀዋለች።

ሌብነቱ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። አባባ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቷል። እኔ ኩሽና ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብዬ ለአሻንጉሊቴ ቤት እሠራለሁ። የእናቴ እግሮች ገቡ፤ በጫማ አልነበረም፣ በካልሲ ነው። በገዛ ቤቱ በካልሲ የሚራመድ ሰው አንድ ነገር አለበት። ቀና ብዬ አየሁ። ቀዩን ጣሳ ከፈተች፣ ነጩን ስኳር በማንኪያ እየዛቀች ፌስታል ውስጥ ከተተች፣ ፌስታሉን ሹራቧ ውስጥ ወሸቀችው። ከዚያ ከሌላ ፌስታል አንድ ቡናማ ዱቄት አውጥታ በቀረው ስኳር ላይ ጨመረችና በማንኪያ አማሰለችው።

አፈር ነበር። ምንም ጥርጥር የለኝም። ሌብነቷ እንዳይታወቅባት የጎደለውን በአፈር ሞላችው።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ምላሴን ሲዋስ፣ አፈር ልበላ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ብስኩቱ ግን ጣፈጠኝ፤ እንዲያውም ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮዬ ጋ አንድ አዲስ ጣዕም ነበረው። ጉድ ፈላ! አፈር ይጣፍጣል ማለት ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ወደ ጓሮ ሄጄ አንድ ጣት አፈር ላስኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልናገርም፤ ብቻ የጓሮው አፈር ከእናቴ አፈር ጋር ዘመድ እንዳልሆነ አረጋገጥኩ።

የተፈጨ ተምር ነበር። እናቴ ፍሬውን አውጥታ፣ ሥጋውን በዝግታ እሳት አድርቃ፣ በትንሽ የእጅ መፍጫ ትፈጨዋለች። የጥርስ ሐኪሙ «ተምርም እኮ ስኳር ነው፣ ጥርስ ላይም ይጣበቃል» ብሏት ነበር አሉ። «አውቃለሁ ዶክተር፣ ግን ከነጭ ስኳር ክምር አይሻልም?» ብላ ለቅምሻ ያመጣችለትን ብስኩት ብትሰጠው፣ ሰሐኑን ባዶውን መለሰላት። በመጀመሪያ ትንሽ ቀላቀለች። ቀጥሎ እኩል አደረገችው። በመጨረሻ ጣሳው ውስጥ የስኳር ዘር እስኪጠፋ ድረስ ገፋችበት።

የጣሳውን ቀለም ያየሁት እኔ ብቻ ልሆን አልችልምና አባባን ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ስኳሩ ለምን ጠቆረ?»

«ፀሐይ መታው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

እናቴንም ጠየቅኋት። «አዲሱ ስኳር እንደዚህ ነው የሚመጣው» አለችኝ። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ልክ መሆን አለባቸው ብዬ፣ አዲሱን ስኳር ፀሐይ መቶት ነው ብዬ አስታረቅኋቸው።

ስኳሩ ጨርሶ ተምር የሆነ ዕለት ግን ብስኩቱ ድንጋይ ሆኖ ወጣ። አባባ አንዱን አንሥቶ ጠረጴዛውን መታው፤ ጠረጴዛው ተሰማው እንጂ ብስኩቱ አልተሰማውም። ዳር ዳሩ አሮ መሐሉ ተሰነጣጥቋል። አባባ ብስኩቱን አስቀመጠ። ከዚያ ጣሳውን ከፈተ፣ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አሸት አሸት አደረገ፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው፣ ወደ እናቴ ክፍል አንድ ጊዜ ገልመጥ አለ፣ ክዳኑን ቀስ አድርጎ መለሰ። እኔ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ። አሁን ይጮኻል፣ አሁን ቤቱ ይበጠበጣል ስል፣ አባባ ከቅርጫት ውስጥ እላዩ ላይ የጠቋቆሩትን ሙዞች አወጣና በሹካ መፍጨት ጀመረ።

«ለምንድን ነው ሙዙ?»

«ስኳሩ ተጠምቷል። ውኃ ውኃ እያለ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙዝ ገባ። ቅቤው ተቀነሰ፣ ከዱቄቱ ግማሹ በአጃ ተተካ፣ የኦቨኑ ሙቀት ዝግ አለ፣ አንዳንዴም የተወቀጠ ኦቾሎኒ ጣል ይደረግበታል። ብስኩቱ በየቀኑ እየለሰለሰ መጣ። እናቴ ዱቄቷ ብቻውን ይህን ሁሉ ተአምር የሠራ መስሏት በልቧ ትኮራለች። አባባም እንደነቃባት ሌባዋ እንዳላወቀችበት ያምናል። ሁሉንም የማየው እኔ ነበርኩ፤ ምንም ያልገባኝም እኔው ነበርኩ። ስኳሩ ተጠምቷል ስለተባለ እንኳ፣ ማንም ሳያየኝ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዤ ጣሳው አጠገብ ደርሼ ነበር፤ ደግነቱ ክዳኑ ጠነከረብኝ።

በመጨረሻ ምስጢሩ ሆዴን ነፋኝና ለአባባ ተናገርኩ። ትሪ እየቀባ ነበር።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እማዬ ስኳርህን ትሰርቃለች። አፈር ነው የምትጨምርበት።»

አባባ መቀቢያውን አስቀመጠ። በመዳፉ አፉን ያዘ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰው በገዛ ምራቱ ሲሰረቅ ቢያለቅስ ይፈረድበታል? ሳቁን እየዋጠ እንደነበር ዛሬ ፊቱን መለስ ብዬ ሳስበው ይታየኛል።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«እንዳትነግሪ። ለሷም እንዳትነግሪያት። ሌባ እንደታየ ካወቀ ይሸሻል። እናትሽ ብትሸሽ እኔና አንቺ ምን ይውጠናል?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ በር ስትከፍት ሮጬ እደርሳለሁ። ወደ ሱቅ ስትሄድ «ትመለሻለሽ?» እላታለሁ። ጫማዋን ስታስር አጠገቧ እቆማለሁ። አንድ ቀን የቀኝ እግር ጫማዋን ትራሴ ሥር ስለደበቅሁ ሥራ አረፈደች። «ምን ሆና ነው ይቺ ልጅ የተጣበቀችብኝ?» ትላለች። አባባ ወደ ግድግዳው ዞሮ ያስላል።

የወላጆች ቀን ዋዜማ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ኩሽናው ወለል ላይ ተዘርግቷል። እናቴ ከሥራ ወጥታ ጣሳውን ልትሞላ አስባ ኖሯል፤ ግን ስልክ ደወለች፣ ጥርሱ ያበጠ ሰው ስለመጣ ትቆያለች። አባባ ጣሳውን ሲከፍት ማንኪያው የቆርቆሮውን ታች ነካ።

«ስኳር ገዝቼ ልምጣ?» አልኩት። ሱቁ ማዶ ነው፤ ዞሬ መመለስ እችላለሁ።

አባባ ባዶውን ጣሳ እያየ ቆየ። ሱቅ ውስጥ ያለው ስኳር የሚያውቀው ስኳር ነው። በሱ ቢሠራ እጁ አይስትም፤ ግን ነገ የምትቀምሰው ዳይሬክተሯ ናት። ስለ ዳይሬክተሯ ማን ነገረው? ማንም። ከወንበሩ የተነሣ ሰው መልሶ የሚያስቀምጠውን ነገር ከሩቁ ይሸተዋል መሰለኝ።

«ሌባዋ ዕቃዋን የት ነው የምትደብቀው?» አለኝ።

አውቃለሁ እንጂ! ስከታተላት ስንት ጊዜዬ። እጁን ይዤ ወደ እናቴ ክፍል ወሰድኩት፣ አልጋው ሥር ገብቼ እየጎተትኩ አወጣሁለት። አንድ ከረጢት ተምር፣ የእጅ መፍጫ፣ ከዚያ በየፌስታሉ ተቋጥሮ የተደረደረ፣ አንድም ማንኪያ ያልተነካ የተሰረቀ ነጭ ስኳር። አባባ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፌስታሎቹን አየ፣ ተምሩን አየ፣ ከዚያ ሳቅ ጀመረው፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ። «ይቺ ልጅ» አለ፣ «ይቺ ልጅ ስንት ለፋች።» እኔን የሚል መስሎኝ «ምንም አይደል» አልኩት።

ኩሽና ተመልሰን ሥራ ጀመርን። አባባ ፈጨ፣ ደግሞ መልሶ ፈጨ፣ በወንፊቱ ነፋው። ሙዙን እኔ ፈጨሁ። አጃውን ለካ፣ ሊጡን አሸ። የመጀመሪያዋን ትንሽ ትሪ ሲያወጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠኝ፤ እንደ ወትሮው ግን አልጠየቀኝም። ጎንበስ ብሎ ዓይን ለዓይን አየኝ።

«ስሚኝ። እስከ ዛሬ ይጨመር ስትይኝ ጨመርኩልሽ። ዛሬ ግን ሲበቃሽ በቃ በይኝ። ለደስታሽ ብለሽ አትንገሪኝ፣ ለደስታዬም ብለሽ አትንገሪኝ። ያለ አንቺ አላውቀውም።»

«ያለ አንቺ አላውቀውም» ያለኝን ያኔ እንደ ሙገሳ ወሰድኩት። ቀመስኩ። ጫፉ ላይ ትንሽ፣ መሐል ላይ ኦቾሎኒው፣ ከዚያ ወደ ጉሮሮ ቀስ ብሎ የሚሄድ። ሁለተኛውን ትሪ ቀመስኩ፤ ጥቂት ተምር ጨምሮበት ነበር። ከምላሴ አልሄድ አለኝ። ሦስተኛው ላይ ቀንሶ አወጣው። አፌን ዘግቼ አሰብኩ። ይጨመር የሚለው ቃል ከልማዱ ተነሥቶ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር።

«በቃ» አልኩ። «አባባ፣ ይኸው በቃ።»

ልክ በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ። የቅርንፉዱ ሽታ ቀድሞ ገባ፣ እናቴ ተከተለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ጠረጴዛው ላይ ከረጢቷ አለ፣ መፍጫዋ አለ፣ በፌስታል የተቋጠሩት ስኳሮቿ ተራ በተራ ተደርድረዋል። እጅ ከፍንጅ! ፊቷ አመድ መሰለ። አሁን ትሸሻለች ብዬ ከጠረጴዛው ዘልዬ ወረድኩ፣ በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት፣ እግሯን ሁለቱንም አቅፌ ያዝኩ።

«እማዬ እንዳትሸሺ! አባባ ይምርሻል! አባባ ማርኩሽ በላት!»

ማንም አልሳቀም። እናቴ አባባን ታያለች፣ አባባ ወንፊቱን ያያል። ቆይቶ እንዲህ አለ፦

«ሻካራ ነው።»

«ምን አሉ አባባ?»

«የምትፈጪው ሻካራ ነው። ሁለቴ ተፈጭቶ መነፋት ነበረበት። እኔን ስንት ቀን አስለፋሽኝ።»

እናቴ ቀስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እኔ እግሯን አልለቀቅሁም። «መቼ ነው ያወቁት?» አለች፣ ድምፅዋ ሊሰማ ሳይሰማ።

«የመጀመሪያው ቀን ነዋ። ስኳር ከማንኪያ ሲወርድ ይንሿሿል። ያንቺ ዝም ብሎ ወረደ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽኝ?» አለ አባባ። ወንፊቱን አስቀመጠና ከፊቷ ተቀመጠ። «የምላሴን ነገር መቼ አወቅሽብኝ?»

እናቴ አንገቷን ደፋች። «ያን እሑድ... ሻይዎ ውስጥ ጨው ጨምሬ፣ እጅሽ ይባረክ ያሉኝ ጊዜ።»

«ጨው ነበር እንዴ?»

«ጨው ነበር።»

«ብዙ?»

«አባባ፣ የሚጠጣ አልነበረም!»

አባባ ፈነዳ። እናቴም ፈነዳች። ጠረጴዛውን ይዘው እየተንፈራፈሩ ሳቁ፣ እናቴ እየሳቀች አለቀሰች፣ አባባ «አጋምሼው ነበር እኮ!» እያለ እንደገና ይነሣበታል። እኔ እንዲህ ዓይነት የሌብነት ፍርድ አይቼ አላውቅም። ብቻ ማንም እንደማይሸሽ ስለገባኝ እግሯን ለቅቄ ሦስተኛውን ትሪ ወደ ማጋመሱ ሄድኩ።

በማግስቱ የመዋዕለ ሕፃናቱ አዳራሽ በወላጅ ተሞላ። አባባ ከኬክ ቤቱ ከወጣ ወዲህ ያላወጣውን ነጭ ኮት ለብሷል፤ ብስኩቶቹን ራሱ ነው የደረደራቸው። ቁልፎቹ ሽንግ ሽንግ እያሉ መጡ። ዳይሬክተሯ አንድ አነሣች፣ ነከሰች፣ አላመጠች። እናቴ የሹራቧን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። እኔ ቁልፎቹን ነበር የማየው፤ ጭራሽ ድምፅ የላቸውም።

«እህ» አለች ዳይሬክተሯ። ሁለተኛ አነሣች። «ይሄ ስኳር የለበትም?»

«ጣሳው የስኳር ነው፤ ውስጡ ያለው ተምር ነው» አለ አባባ። «አሳቡ የኔ አይደለም፣ የምራቴ ነው።»

ወላጆች ተጠጉ። አንዲት እናት ልጇን አስቀምሳ ራሷም ቀመሰች። «ጣዕሙ እንዴት ልክ ልክ ነው!» አለች። ዳይሬክተሯም ወደ አባባ ዞራ፣ «ጣዕሙንማ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፤ እንዲህ ልኩን እንዴት አገኙት?» አለችው።

እናቴ ልትደርስለት ፈልጋ «አባባማ...» ብላ ጀመረች። አባባ እጁን ከፍ አድርጎ አስቆማት። አዳራሹን አየ፤ ከሰዎቹ መሐል የሠርግ ኬካቸውን የሠራላቸው ሁሉ ነበሩ።

«እኔ አልቀምስም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። «ምላሴ ከኔ ጋር ጡረታ ወጥቷል። ጨውና ስኳር መለየት ከተውኩ ቆየሁ። እጄ አለ፣ ጆሮዬ አለ። ምላሴ ይቺ ናት።» መዳፉን ራሴ ላይ አሳረፈ።

 ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። ማስረጃ የሚጠይቁ መስሎኝ፣ ወደ ዳይሬክተሯ ቀና ብዬ ምላሴን እስከ ሥሩ ድረስ አወጣሁላት። ከቁርስ በፊት የበላሁት ብስኩት ሁሉ እላዩ ላይ ነበር።

እናቴ «ውይ አፈርኩ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ዳይሬክተሯ ግን አልተቆጣችም። ጉልበቷን አጥፋ ወደኔ ዝቅ አለች፣ መነጽሯን አስተካከለች፣ ምላሴን እንደ ሐኪም ግራና ቀኝ አየችው።

«ጤነኛ ምላስ ነው» አለች። «ሰኞም ይሥሩበት።»

ቤት እንደገባን አባባ ነጭ ኮቱን ሳያወልቅ መስኮቱ ሥር ሄደ። እናቴ ባለችበት ቆመች። አባባ ወንበሩን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ አነሣው፣ ኩሽና አስገባው፣ ኦቨኑ አጠገብ አስቀመጠው። «ጠረጴዛ ላይ እያነሣሁ ወገቤ አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ ቆመሽ የምትቀምሺበት ይሄ ነው» አለኝ። መስኮቱ ሥር ባዶ የቀረው ቦታ ላይ እናቴ በዚያው ሳምንት የልብስ ቅርጫት አስቀመጠችበት።